ምስጋናችን በምን ይሁን?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት ስለ አንድ የሙዚቃ ጉዞ ጥቂት እንናገራለን። ስሙ «ሕዝብ ለሕዝብ» ነው። ትልልቆቹ እናቶቻችን ታስታውሱታላችሁ፤ ወጣቶቹ ግን ስሙንም አልሰማችሁ ይሆናል።

በ1977 ዓ.ም ወሎ በረኀብ ስትጎዳ፣ ዓለም ያየን በኮረም ሜዳ ላይ ወድቀን ነው። በጥቅምት ወር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ፊልም ብዙ ልብ ነካ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት ተደረገ። ውለታውን አንክድም። ነገር ግን በመድረኩ የዘፈኑት በአብዛኛው የእንግሊዝና የአሜሪካ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ እኛ የታየነው በረኀቡ ፊልም ነው።

በ1980 ዓ.ም ገደማ ግን የኢትዮጵያ ዘፋኞች፣ ተወዛዋዦችና የባህል መሣሪያ ተጫዋቾች አውሮፓንና አሜሪካን ዞሩ። የሄዱት በክፉ ቀን የደረሰልንን ሕዝብ ለማመስገን ነው። ያሰናዳው የደርግ መንግሥት ስለሆነ የራሱም ዓላማ ነበረው። ቢሆንም ረኀባችንን ያየ ሕዝብ ማሲንቋችንን፣ ክራራችንንና እስክስታችንን አየ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ አገሮች ስም የሚጠሩ ናቸው። ለልመና የታየው አገር ለሙዚቃ ስም የሰጠ አገር ነው።

ይህ ነገር በዚያ አላበቃም። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም «ላይቭ ኤይት» ሲዘጋጅ፣ ከአፍሪካ ሙዚቀኞች አብዛኞቹ የዘፈኑት በለንደኑ ትልቅ መድረክ ሳይሆን ርቆ በሚገኘው በኮርንዎል ነበር። ስለ አፍሪካ በተደረገ ኮንሰርት አፍሪካውያኑ ለብቻ መቀመጣቸው ብዙ ሰው አስቆጥቷል።

ይህን ያነሣነው የእኛም ጉዳይ ስለሆነ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ መርሳ እርዳታ ሲመጣ ካሜራም አብሮ መጥቷል። አንዳንዶቻችን «የሚያስለቅስ ፎቶ ከሌለ ገንዘብ አይገኝም» እንላለን። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ ፎቶ የአንዲት አባላችን ፊት ነው፤ ነገ ልጆቿ ያዩታል፤ ጎረቤትም ያየዋል።

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ አባሏ ፎቶውን አይታ ሳትፈቅድ በጋዜጣችን እንዳይወጣ።

ሁለተኛ፣ ደጋፊዎቻችን ሲመጡ በቡናችንና በዘፈናችን እንድንቀበላቸው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን እንጀራው ስለሆነ ይከፈለው፤ ክፍያውም በመዝገብ ይግባ። በነጻ አገልግሉን ማለት ይቅር።

ሦስተኛ፣ ለአባላት የሚነበበው ሒሳብ ሳይቀነስ ሳይጨመር ለደጋፊዎችም ይድረስ። ዘፈን ብቻውን ምስጋና አይሆንም፤ የሰጠ ሰው ብሩ የት እንደዋለ ማወቅ አለበት።

«ብድር በምድር» ይላሉ አባቶች። የተቀበልነውን ገንዘብ መመለስ ባንችል፣ በክብር ማመስገንና በትክክል ማስረዳት አያቅተንም። ውሳኔው የእናንተ ነው።