ሞንታርቦው ለትምህርት ቤት ይዋስ ወይስ አይዋስ?

(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የሦስተኛ ክፍል መምህርት ለለቅሶና ለስብሰባ የምንገለገልበትን ባለባትሪውን ሞንታርቦ በሳምንት ሁለት ቀን እንድናውሳቸው በደብዳቤ ጠይቀውናል። ለልጆቹ ፖድካስት ለማሰማት ነው። ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ሰፈሩን ዞረና «ልጆቻችንን ክፍል ውስጥም በስልክ ሊያደነዝዟቸው ነው» የሚል ቅሬታ ደርሶናል። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ።

ፖድካስት ማለት ተቀድቶ የተቀመጠ፣ በፈለጉት ሰዓት የሚደመጥ የድምፅ ዝግጅት ነው። ስሙ በ1996 ዓ.ም. ወጣ እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ የተማርን እናስታውሳለን፤ መምህሩ ራዲዮኑን ይዘው ይገባሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋም ትምህርት በራዲዮ ተላልፏል። ራዲዮ ግን ሰው አይጠብቅም። መብራት ከሄደ ወይም ዝናብ ቆርቆሮውን ከደበደበው የዕለቱ ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። ፖድካስት ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሰማል።

ማቆሙ ነው ዋናው ነገር። እ.ኤ.አ. በ1974 ኒካራጓ ውስጥ ሒሳብ በራዲዮ ማስተማር ሲጀመር፣ ኬንያ ውስጥም ከ1980 እስከ 1985 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ በራዲዮ ሲሰጥ፣ ድምፁ ጥያቄ ይጠይቅና ልጆቹ እስኪመልሱ ዝም ይል ነበር። ልጆቹም ጮክ ብለው ይመልሳሉ። ዝም ብሎ ማስደመጥማ ማስተኛት ነው። ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ ሲያወሩለት የማይተኛ ልጅ የታለ? እኛ ትልልቆቹስ እዚሁ ስብሰባ ላይ እንተኛ የለም እንዴ!

መምህርቷ ባለፈው ሴሚስተር በራሳቸው ስልክ ሞክረውታል። ከ50 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል የኋላው ወንበር አልሰማ አለ እንጂ ሥራውስ ሠርቷል። አንድ ልጅ አለ፣ ከዚሁ ከሰፈራችን፣ ስሙን አንጠራም። ፊደል አልያዝ ብሎት «ሰነፍ» ተብሎ ኋላ የተቀመጠ ነው። የአምስት ደቂቃ ተረት አንድ ጊዜ ሰምቶ አንድም ሳያጎድል መልሶ ተረከው። ልጁ ማስተዋል አልጎደለውም፤ የጎደለው ንባብ ነው። አሁን ያንኑ የሰማውን ተረት በወረቀት ተጽፎ እየተሰጠው፣ የሚያውቀውን ቃል በፊደሉ ላይ እየፈለገ ያነባል። ጆሮ ፊደልን አይተካም፤ መንገድ ግን ይጠርግለታል። ወረቀቱ ከሌለ ሞንታርቦውን ባናውስ ይሻላል ያልነውም ለዚህ ነው፤ መምህርቷም ተስማምተዋል።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። ቢቢሲ የሚያዘጋጀውን የስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ አንዳንድ ወላጆች ጠቁማችሁናል። ጥሩ ነው፣ ግን ለትልልቅ ተማሪ የተሠራ ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይጠፋበታል። ከዚያ ይልቅ መምህርቷ ራሳቸው ከመጽሐፉ ቀስ ብለው አንብበው ቢቀዱ ይበልጣል።

ስልክን በተመለከተ፣ ማንም ልጅ ስልክ ይዞ አይሄድም። የአሥር ደቂቃ ንግግር 5 ሜጋባይት ያህል ቢይዝ ነው፤ በሚሞሪ ተገልብጦ ይመጣል፣ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ልጆቹ ሲያነቡ የሚቀዳው ድምፅም ከክፍሉ አይወጣም። ቴሌግራም ላይ ይለቀቅ ያላችሁ ወጣቶች አላችሁ፤ ይህን አንፈቅድም። ተንተባትቦ ያነበበ ልጅ የሰፈር መሳቂያ ሊሆን ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው ተረት ነው። ተረት የምታውቁ እናቶችና አባቶች ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ወደ ጽሕፈት ቤታችን ብቅ በሉ፤ እንቀዳችኋለን። ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥ፣ በራሳችሁ አነጋገር ቢሆን። ጥርሴ ረግፏል ብላችሁ አትቅሩ፤ ልጆቹ ለምደውታል።

ሞንታርቦው ማክሰኞና ሐሙስ ጧት 2 ሰዓት ተኩል ሄዶ በ6 ሰዓት ይመለሳል። ባትሪውን ሞልቶ የሚመልሰው ትምህርት ቤቱ ነው። ለቅሶ ከገጠመ ግን ቅድሚያው የለቅሶ ነው፤ ያን ቀን መምህርቷ በስልካቸው ይጨርሳሉ። ተቃውሞ ያለው አሁኑኑ እጁን ያውጣና ይናገር፤ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።