የእግዜር እንግዳ እና የድንኳን ጉዞ

አቅራቢ 1፦ በእኛ ክረምት ወራት ብዙ ወጣቶች ቦርሳ አዝለው ጸጥ ያሉ የግሪክ ደሴቶችን በትንሽ ገንዘብ ይዞራሉ፤ ሲመሽ ባሕር ዳር ድንኳን ይተክላሉ።

አቅራቢ 2፦ እዚያም እንዳሻህ አይደለም። በግሪክ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ ድንኳን መትከል በሕግ ያስቀጣል።

አቅራቢ 1፦ ወደ እኛ እንምጣ። ብቸና አቅራቢያ ያለውን የዲማ ጊዮርጊስን የቅኔ ጉባኤ አስቢ። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ ከደብር ደብር በእግሩ ይዞር ነበር። ድንኳን የለው፣ ኪሱ ባዶ።

አቅራቢ 2፦ ይህን ከሽርሽር አትቁጠረው እንጂ! ተማሪው የሄደው ዕውቀት ፍለጋ ነው፤ ውሻ ይነክሰዋል፣ ራብ ይጠናበታል። ችግሩን ጌጥ አናድርገው።

አቅራቢ 1፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን መንገዱን ያቀናለት የአገሬው ልማድ ነው። የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ መደብ ይለቀቅለታል፤ እግሩ ይታጠባል።

አቅራቢ 2፦ ያ ደግነት የጎብኚ ወጪ መቀነሻ ሲሆን ነው የማልወደው። ለምሳሌ ከሞጣ ወደ ዓባይ ወርዶ ሰባራ ድልድይን ማየት የሚሻ ብዙ ነው። ድልድዩ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እዚያ ያለው ገበሬ የሚያካፍለው ከጉሮሮው ነጥቆ ነው።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ ለተጓዦች ምን ትመክሪያለሽ?

አቅራቢ 2፦ ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ አጣሩ፤ ስንቃችሁን ቋጥሩ፤ ያሳደራችሁን ቤተሰብም በባዶ እጅ አትሰናበቱ።