የአያቴ መጥረቢያ

የዛሬዋ ቃላችን «መጥረቢያ» ናት። አምስት ፊደል አላት፤ ቁጠሯት።

በየቤታችሁ ከአባት ወይም ከአያት የቀረ መጥረቢያ አይጠፋም። ዛቢያው ተሰብሮ፣ ብረቱ ዝጎ ይሆናል። ለቆራሌው አትስጡት! እኔ ሰጥቻለሁ። መምህራን ማሠልጠኛ ልገባ ስል የመንገድ ገንዘብ አነሰኝና የአያቴን መጥረቢያ ሸጥኩት። እናቴ ያን ማታ እራት አልበላችም። ሲነጋ፣ «ልጄ፣ የተወለድክበትን ቤት ምሰሶ የጠረበው እኮ እሱ ነው» አለችኝ። ቆራሌውን ገበያ ለገበያ ፈለግሁት፤ አጣሁት።

እናንተ ግን ብረቱ በእጃችሁ ነው። ዝገቱን በአሸዋና በጨርቅ ፈትጉት፤ ዘይት ቀቡት። ስለቱን በሞረድ ሳሉት። የተሰበረውን ዛቢያ ለማውጣት ብላችሁ ብረቱን እሳት ውስጥ አትክተቱ። ስለቱ ይለሰልሳል፤ ቀጥቃጩ አግሎ፣ ውሃ አጠጥቶ የሰጠው ጥንካሬ ይጠፋል። አዲሱ ዛቢያ የደረቀ ወይራ ይሁን። እርጥብ እንጨት ቆይቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረቱም ተስፈንጥሮ ሰው ይመታል። (ጎረቤቴ እግሩን የቆሰለው እንዲህ ነው።)

አሁን እርሳስ አንሡ። መጥረቢያው የማን ነበር? ስሙን ጻፉ። ምን ምን ጠረበበት? ካላወቃችሁ እናታችሁን ጠይቁ፤ ነገ ማታ ጽፋችሁ አምጡልኝ።