ባትሪው በየት በኩል ይታሰር?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም በአሮጌ የጭነት መኪና የባትሪው የትኛው ጫፍ ከመኪናው አካል ጋራ እንደሚታሰር ነው። መካኒኮች ይህን «ማሳ» ይሉታል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም እኛን አንድ ሬጉሌተር አሳጥቶናል።

በዛሬዎቹ መኪኖች ማሳው ኔጌቲቩ ስለ ሆነ፥ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለንም ነበር። ነገር ግን ከ1953 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. የተሠራው የፎርድ ኤፍ-100 ባለ 6 ቮልት ሲሆን፥ ማሳው ፖዘቲቭ ነበር። በ1956 ፎርድ ወደ 12 ቮልትና ወደ ኔጌቲቭ ማሳ ተሻገረ። የዚያው ዘመን የሼቭሮሌት ጭነት መኪና ግን በ6 ቮልትም ሳለ ማሳው ኔጌቲቭ ነበር። እንግዲህ በዕድሜ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

እኛ የአሮጌ ፎርድ ዲናሞ ከነሬጉሌተሩ በወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ አስረን በኤሌክትሪክ ሞተር እያዞርን ስንፈትን፥ እንደ ልማዳችን ኔጌቲቩን ማሳ አደረግነው። ወዲያው ብልጭታ ታየ፤ ሽቦውም ጋለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዲናሞ የትኛው ወገኑ ፖዘቲቭ እንደሚሆን የሚወስነው በውስጡ ባሉት ብረቶች ላይ የቀረው ጥቂት መግነጢስ ነው። ዲናሞው ሲዞር ይህ ቅሪት ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወልዳል፤ ያም ፊልድ በሚባለው የሽቦ ጥቅል ውስጥ አልፎ መግነጢሱን ያበረታዋል። ባትሪው ተገልብጦ ቢታሰር ዲናሞው ይህን ከየት ያውቃል? የቀድሞውን ወገን ይዞ ይቀጥላል። በሬጉሌተሩ ውስጥ ዲናሞውን ከባትሪው የሚያገናኘው ማብሪያ ሲገጥም፥ የሁለቱ ኀይል እርስ በርሱ በመገታት ፈንታ ይደመራል፤ 6ና 6 ቮልት 12 ይሆናል። የማብሪያው ነጥቦችም ተቃጥለው ይጣበቃሉ።

የዚህ የፎርድ ዲናሞ ወገን ሲጠፋበት መድኀኒቱ ቀላል ነው። ሞተሩ ቆሞ፥ ባትሪውም በትክክል ታስሮ ሳለ፥ የፊልዱን ሽቦ ከሬጉሌተሩ ፈትቶ ከማሳ ውጭ ያለውን የባትሪ ጫፍ ለቅጽበት ማስነካት ነው። የሼቭሮሌቱ ፊልድ አስተሳሰሩ ሌላ ስለ ሆነ በዚህ መንገድ አይሞከርም። ተለዋጭ ጅረት የሚያመነጨው አልተርኔተርማ ከዚህ የባሰ ነው፤ ባትሪው ቢገለበጥበት ዳዮዶቹ ወዲያው ይቃጠላሉ።

በባትሪው ላይ ያለው ምልክት ቢጠፋ፥ ብዙውን ጊዜ የፖዘቲቩ ራስ ከኔጌቲቩ ይወፍራል። ማሳው የትኛው እንደ ሆነ ግን የመኪናውን መጽሐፍ መጠየቅ ነው፤ እኛ አልጠየቅንም።

የተቃጠለው ሬጉሌተር በዚያ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ነጥቦቹን ታዩ ዘንድ ክዳኑን አውልቀነዋል።