ዘመናዊው አውቶሞቢልና የመካኒኩ እጅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለአውቶሞቢል ልዩ ፍቅር ያለውን ሰው ስለ አውቶሞቢል እንዲናገር መጋበዝ ጥቂት ድፍረት ይጠይቃል፤ የተሰጠውን ሰዓት በሙሉ የዱሮውን በማወደስና አዲሱን በማንኳሰስ ሊጨርሰው ይችላልና። አዘጋጆቹ ይህ ስጋት እንዳያድርባቸው፣ ከሁሉ አስቀድሜ ከገዛ ወገኖቼ፣ ከአሮጌ መኪና ወዳጆች ጋር የማልስማማበትን ነጥብ ላንሣ።

«የዱሮ መኪና ብረቱ ብረት ነው» ሲባል በየጋራዡ እንሰማለን። ብረት መሆኑስ እውነት ነው፤ ጥያቄው ግጭት በደረሰ ጊዜ ያ ብረት ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ1959 የተሠራውን ሼቭሮሌት ቤል ኤር በ2009 ከተሠራው ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር። የአሮጌው መኪና የሾፌር ክፍል ተጨፈለቀ። በውስጡ ሰው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በሕይወት ባልተረፈም፤ በአዲሱ ውስጥ የተቀመጠው ግን እግሩ ከመጎዳቱ በቀር በተረፈ ነበር። እንግዲህ በ1959 የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ካበረከተው ባለ ሦስት ማያያዣ የደኅንነት ቀበቶ አንሥቶ፣ በ1978 በቦሽ አማካይነት በመርሴዲስ ላይ እስከተገጠመው፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ እስከሚያደርገው መሣሪያ ድረስ ያለውን ሥራ መናቅ ለመሐንዲስ አይገባም።

ኮምፒዩተር ወደ ሞተሩ መግባቱንም አልነቅፍም። ለባሕር ጠለል አየር የተስተካከለ ካርቡራቶር፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ቤንዚኑ ከአየሩ በልጦበት ጥቁር ጭስ ይተፋል። በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዘው ኢንጀክሽን ግን አየሩን እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። ይህንኑ በካቻቢቴ የሚያስተካክል መካኒክ እጁ የተባረከ ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ዓባይ በረሃ በወረድንና በወጣን ቁጥር ከኋላ ወንበር አስቀምጠነው ልንጓዝ አንችልም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ይኸውም የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪው ኮምፒዩተሩን መኪናውን ለማሻሻል ብቻ ሳይሆን ገዢውንና ጠጋኙን ከገዛ ንብረታቸው ውጭ ለማቆም መጠቀም መጀመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ቢ ኤም ደብሊው በአንዳንድ አገሮች፣ በፋብሪካ ተገጥሞ የመጣውን የመቀመጫ ማሞቂያ ለማብራት ወርኃዊ ክፍያ ጠይቆ ነበር። ሽቦው በመኪናው ውስጥ አለ፤ መቀመጫው የገዢው ነው፤ ፈቃዱ ግን የኩባንያው። ነቀፌታው ስለበዛ በሚቀጥለው ዓመት ተወው። ከዚህ የባሰው በ2015 የወጣው የቮልስዋገን ጉዳይ ነው። በ11 ሚሊዮን ያህል የናፍጣ መኪናዎች ውስጥ የነበረው ፕሮግራም፣ መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ መርዛማውን ጋዝ ይቀንስ፣ ጎዳና ሲወጣ ደግሞ ይለቀው ነበር። ነገሩ እንዲታወቅ ያደረጉት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጭስ መለኪያ በመኪና ላይ ጭነው መንገድ ለመንገድ በመዞራቸው ነው። ፕሮግራሙን አንብቦ ያወቀው ቀድሞ አልነበረም፤ እንዲነበብ ሆኖ አልተሠራምና።

(ቁልፎችን ሁሉ አስወግዶ በአንድ ትልቅ መስኮት ስለመተካት ብዙ መናገር በቻልኩ። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ መመዘኛ ድርጅት፣ ከ2026 ጀምሮ እንደ ክላክስና እንደ ዝናብ መጥረጊያ ላሉት እጅ የሚዳስሰው ቁልፍ የሌለው መኪና ሙሉ ነጥብ እንዳያገኝ መወሰኑን ብቻ ጠቅሼ አልፋለሁ።)

ነገሩ እንዲህ መሆን እንደሌለበት የሚያሳይ ምሳሌ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሥሪት ጀምሮ የሚሸጥ አውቶሞቢል ሁሉ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው ሕግ አስገደደ። ዛሬ መርካቶ አካባቢ ያለ መካኒክ ርካሽ መሣሪያ ሰክቶ የሞተሩን ሕመም በቁጥር የሚያነበው ከዚያ ሕግ የተነሣ ነው። የማሳቹሴትስ ሕዝብም በ2012፣ በኋላም በ2020 በሰጠው ድምፅ አምራቾች የጥገና መረጃን ከራሳቸው ጋራዥ ውጭ ላለው ባለሙያ እንዲሰጡ ጠይቋል። አምራች በፈቃዱ ያልሰጠውን ሕግ አሰጥቶታል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የጋራዦቻችን ዕውቀት በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን መካኒኮች አፍ ወደ ረዳቶቻቸው፣ ከረዳቶቹም ወደ ልጆቻቸው እንደተላለፉ ሁሉ፣ ሙያውም በማየትና በመነካካት ተላልፏል። ፋብሪካዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ማምረት ያቆማት አሮጌዋ ቮልስ ዛሬም በከተማችን የምትታየው፣ ላዳም ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆና የኖረችው በዚህ ሙያ ነው። ፈትቶ ያየ፣ መልሶ ይገጥማል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በየመንገዱ በዝተዋል። እንደ መሐንዲስ ሳየው ለዚህ አገር የሚስማማ ነገር አለው። በእኛ ከፍታ ተራ የቤንዚን ሞተር ከአየሩ መሳሳት የተነሣ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይለቃል። ከእንጦጦ ስንወርድ በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክን ከነበረው ጉልበት ከፊሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ኤሌክትሪኩም በአብዛኛው ከውኃ የሚገኝ፣ የራሳችን ነው።

ግን ይህ መኪና ተነካክቶ የሚለመድ አይደለም። በብርቱካናማዎቹ ገመዶች ውስጥ 400 ቮልት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ አለ፤ በመሞከር ልማር ያለ ልጅ ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል። ለቻይና ገበያ ብቻ ተሠርተው በነጋዴ እጅ ወደ እኛ የመጡም ጥቂት አይደሉም፤ የመስኮታቸው ጽሑፍ በቻይንኛ ነው፣ አምራቹም እዚህ ተጠሪ የለውም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መኪናው ቆሞበት በእጅ መዳፍ የሚያዝ አንድ መቆጣጠሪያ አስለወጠ። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ መኪናው ግን የአምራቹ ኮምፒዩተር ካላጸደቀው አልቀበለውም አለ። ሻጩ የማጽደቂያው መሣሪያ አልነበረውም። ጎማው ያልተበላ፣ ባትሪው የሞላ መኪና አራት ወር ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ከረመ። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው መካኒክ አጠገቡ ቆሞ «ምኑን ልፍታው?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ስለሆነም ማኅበራችን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አንድ ሐሳብ እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ። ተሽከርካሪ የሚያስገባም ሆነ እዚህ የሚገጣጥም ድርጅት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ የመኪናውን የሽቦ ንድፍ፣ የጥገና መመሪያውንና ዕቃ ማጽደቂያውን ጨምሮ የመመርመሪያውን ፕሮግራም፣ መካኒኩ በሚያነበው ቋንቋ፣ ለማንኛውም የታወቀ ጋራዥ በተመጣጣኝ ዋጋ ለማቅረብ ይገደድ። መለዋወጫ አቀርባለሁ የሚል ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ከባልደረባዬ መኪና አይተናል። የከፍተኛ ቮልት ጥንቃቄ ትምህርት ደግሞ ለኮሌጅ ተማሪ ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ላለው፣ ምናልባትም ስምንተኛ ክፍልን ላልጨረሰው መካኒክ በማታ እንዲሰጥ ከመካከላችን አስተማሪዎች መመደብ እንችላለን። እኔ ስሜን አስመዝግቤአለሁ።

የሐሳቡን ረቂቅ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስረክቤአለሁ፤ በተለይ ስለ ዋጋው አወሳሰን የተሻለ አስተያየት ያለው አባል ከሻይ ዕረፍት በኋላ ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል።