ስማርት ጠረጴዛ በቆላ ቢሮ

እሷ፦ ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያወልቀው ጃኬቱን ነው።

እሱ፦ የቢሮ ሠራተኛውስ? ከሰዓት በኋላ ክንዱ ከጠረጴዛው ቫርኒሽ ጋር ይጣበቃል። ማራገቢያው ወረቀቱን እንዳይበትንበት ስቴፕለር ይጭንበታል።

እሷ፦ ስማርት የሚባለው ጠረጴዛ እግሩ ውስጥ ሞተር አለው። ቁልፉን ሲጫኑት ከፍ ይላል፤ ቆሞ መሥራት ይቻላል። የተጠቃሚውን የከፍታ ምርጫም ያስታውሳል።

እሱ፦ ጥሩ፤ መብራት ሲጠፋስ?

እሷ፦ ባለበት ይቆማል።

እሱ፦ ለማንኛውም ለቆላ ሰው ከሞተሩ የሚቀድመው ሴንሰር ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩን ለይቶ ማራገቢያውን ያበራል፤ ሰው ሲወጣ ያጠፋል።

እሷ፦ በዚህስ እስማማለሁ፤ ግን ሕንፃውም ይታሰብ እንጂ፣ ወንድሜ! ሐራሬ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት ሴንተር የተለመደውን አየር ማቀዝቀዣ አይጠቀምም። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እያስገባ ወፍራም ኮንክሪቱን ያቀዘቅዛል፤ ቀን ደግሞ ያ ቅዝቃዜ ክፍሎቹን ያቀዘቅዛል። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ሐሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው።

እሱ፦ ከኩይሳ!

እሷ፦ አዎ። ሩቅም መሄድ አያስፈልግም፤ የአርጎባ የድንጋይ ቤት ወፍራም ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም።

እሱ፦ ልክ ነሽ፣ እህቴ። አሁን የሚሠራው ቢሮ ግን ወደ ምዕራብ የዞረ ሰፊ መስታወት ይገጠምለታል።

እሷ፦ እኔን የሚቆጨኝም እሱ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲገባ መጋረጃው ይዘጋል፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራል።