ሁለት ዓይን ለማን ይሣላል?

ዛሬ የትጋታችሁን ፍሬ የምትቀበሉ ተመራቂዎች፤

ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ወገን ተወልደው በሺካጎ ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት በዚህ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቆሜ ስናገር፥ ከአባቶቻችን ሥርዓተ ሥዕል አንዲቱን ሕግ ብቻ አንሥቼ እርሷን በአደራ ላስረክባችሁ ወድጃለሁ። ሕጊቱም ጻድቁን ፊት ለፊት ከሁለት ዓይኖቹ ጋራ፥ ኃጥኡን ግን በጎን በኩል በአንድ ዓይን ብቻ መሣል ናት። በጌታ ላይ ጅራፍ የሚያነሣው ጭፍራ ተመልካቹን ትክ ብሎ እንዳያይ ፊቱ ዞሮ ይሣላል፤ ቅዱሱ ግን እኛ እርሱን ከማየታችን በፊት እርሱ እኛን እያየ ይቆየናል። እንግዲህ ሁለት ዓይን የመስጠትና የመንሣት ሥልጣን በሠዓሊው እጅ ነው፤ ይህም እጅግ የሚያስፈራ ሥልጣን ነው።

ይህ የሁለት ዓይን ጸጋ ለመላእክትና ለነገሥታት ሲታደል፥ ለቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ድንጋይ የተሸከመው፥ ጭቃውንም ያቦካው ሰው የት ተሣለ ብለን ብንጠይቅ፥ በግድግዳው ግርጌ ከእመቤታችን እግር በታች በግንባሩ ተደፍቶ የምናገኘው እርሱን ሳይሆን ሥዕሉን በገንዘቡ ያሣለውን ባለጸጋ ነው፤ ከአጠገቡም «ተማኅፀነ» ከሚለው ቃል ጋራ ስሙ ተጽፎለታል።

ሆኖም የቀደሙት ሠዓልያን ተራውን ሰው ፈጽመው ረሱት ብንል በደል ይሆንብናል። በላኤ ሰብእን አስቡ። 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው በፍርድ ሚዛን ፊት ሲቆም፥ ያን ሁሉ ደም የመዘነለት በእመቤታችን ስም ለአንድ ለተጠማ ሕሙም ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው፤ ሠዓሊውም ሚዛኑንና መላእክቱን ለመሣል ምንም ቢቸኩል፥ እጁን ለውኃ የዘረጋውን ያን ስሙ ያልተነገረ በሽተኛ ቢተው ታሪኩ ሁሉ ይፈርስበታል። እኔም ከመላእክቱ ክንፍ ይልቅ በዚያ በተዘረጋ እጅ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ እቆማለሁ።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፥ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ እናቶች ያልሣለ በመካከላችን ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን በብዙዎቹ ሥዕሎች የባሕር ዛፉ ሸክም እንጂ የሴቲቱ ፊት አይታይም፤ ጀርባዋ ጎብጦ፥ አንገቷ ተቀብሮ፥ ለጎብኚ የምትሸጥ የድኽነት ምልክት ሆና ትቀራለች። ይህን አጥብቄ እነቅፋለሁ፤ አባቶቻችን ለኃጥኡ አንዱን ዓይን ሲተዉለት፥ ከእርሷ ግን ሁለቱንም ወስደናልና። ከሠዓሊው የሚፈለገው አብሯት ቁልቁል ወርዶ፥ ሸክሙን ሳታወርድ ጀርባዋን ወደ ግንብ አስጠግታ እንዴት እንደምታርፍ፥ ገመዱ በደረቷ ላይ የት እንደሚጠብቅ፥ ነጠላዋን አጥፋ በትከሻዋና በገመዱ መካከል እንዴት እንደምታስገባ፥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርስም ሸክሙ ቀና ብላ እንድታይ ባይፈቅድላት ጣቷን ወደ ግንባሯ እንዴት እንደምታነሣ መማር ነው። ይህን የተማረ እጅ ፊቷን ለመሣል አይቸገርም።

ድኽነትን አስውባችሁ ሣሉ ማለቴ ግን አይደለም፤ የወርቅ ቅብ አክሊልም አያስፈልጋችሁም። መሬት የወደቀች ቁራሽ እንጀራ አንሥታ ስማ፥ የሰው እግር እንዳይረግጣት በአጥር ቀዳዳ የምትሸጉጠውን አሮጊት፥ በመርካቶ የጆንያ ክምር መካከል በማንቆርቆሪያ ውኃ ውዱእ አድርጎ ለሶላት የሚቆመውን ተሸካሚ፥ እንደሆኑ አድርጋችሁ ብትሥሏቸው ቅድስናው ከእነርሱ ጋራ ይመጣል። ኢጣልያዊው ካራቫጆ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1604 እስከ 1606 ባሉት ዓመታት በሮም ለቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን በሣለው ሥዕል፥ በድንግል ፊት የተንበረከከውን መንገደኛ ያደፈ ውስጥ እግር ወደ ተመልካቹ አዙሮ በማሳየቱ ሕዝቡ ተንጫጫ፤ ዛሬም ወደዚያ መሠዊያ የሚቀርብ ሰው መጀመሪያ የሚገናኘው ከዚያ እግር ጋራ ነው፤ ሠዓሊው አላጠበውምና።

ልጆቼ፥ የጥንቱ ባለጸጋ ገንዘብ ስለ ከፈለ ስሙ ተጽፎለታል፤ እናንተ ግን ምንም ያልከፈለችውን ሴት ስሟን ጠይቁ፤ ፈቅዳ ከነገረቻችሁ በሥዕሉ ግርጌ ጻፉት፤ ሥዕሉን ስትሠሩ ላስቀመጣችኋትም ጊዜ ዋጋ ክፈሏት። ትርኢታችሁ በሚከፈትበት ቀን ለመኳንንቱና ለገዢዎች የምትልኩትን የጥሪ ወረቀት ለእርሷም ውሰዱላት፤ ማንበብ ባትችል አንብቡላት። ገብታም ሥዕሉን ካየች በኋላ «ይህ እኔን አይመስልም» ያለቻችሁ እንደ ሆነ፥ እንደ ገና ሣሉ።